በረካ ሳይደርስ፦ ፎገራ ያለችውን ልጅ የጎበኘሁበት ቀን

በአንድ ድርጅት በኩል አንዲት ልጅ እደግፋለሁ። ልጅቷ ፎገራ ነው ያለችው፤ ከጣና ዳር ብዙም በማይርቅ የገጠር መንደር። በ2015 ጥር ላይ፣ መደገፍ በጀመርኩ በ4 ዓመቴ፣ ሄጄ አየኋት። ድርጅቱ ይህን «የደጋፊ ጉብኝት» ይለዋል። ቅጽ አለው፣ ክፍያ አለው፣ ሰዓት የተቆረጠለት ፕሮግራም አለው። አገልግሎት ስለሆነ እንደ አገልግሎት ልመዝነው። የድርጅቱን ስም አልጠቅስም። የቀበሌውንና የልጅቷንም ስም አልጽፍም።

እኔ ባሕር ዳር ያደግኩ ነኝ። አሁን የምኖረው አዲስ አበባ ነው፤ የምተዳደረው በሂሳብ ሥራ። በወር 600 ብር እከፍላለሁ። የልጅ ድጋፍ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ከባሕር ማዶ ብር የሚልክ ፈረንጅ ነው። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። ፎርሙን ያመጣችልኝ የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ ናት። «የአገራችንን ልጅ እኛ ብንይዝ ምን አለበት?» አለችኝ። መልስ አጣሁላት።

ፎቶዋ ሲመጣ ልጅቷ 7 ዓመቷ ነበር። ዙሪያዋን ተላጭታ ቁንጮ ቀርቶላታል። ከዚያ ወዲህ በዓመት ሁለት ደብዳቤ ይደርሰኛል። ደብዳቤዎቹ ይመሳሰላሉ። «እኔ ደኅና ነኝ። ቤተሰቦቼም ደኅና ናቸው። ትምህርቴን በርትቼ እየተማርኩ ነው።» ግርጌው ላይ ሁልጊዜ አንዲት ላም ተሥላለች። ጥቁርና ነጭ፣ ቡራቡሬ፣ ልክ እንደ ፎገራ ላም። ቃላቱ የማንም ሊሆኑ ይችላሉ። ላሟ ግን የራሷ የልጅቷ እንደሆነች ታስታውቃለች። በየዓመቱ ትንሽ ትሻሻላለች። የሄድኩት ለላሟ ብዬ ነው ብል አልዋሸሁም።

ለጉብኝት የሚያመለክቱት ከ2 ወር በፊት ነው። ከፖሊስ ከወንጀል ነፃ መሆኔን የሚያሳይ ማስረጃ አምጪ ተባልኩ። ሄጄ አሻራ ሰጠሁ። መጀመሪያ ከብዶኝ ነበር። ቆይቼ ሳስበው ደስ አለኝ። የምሄደው ሕፃናት ያሉበት ቤት ነው። ማን እንደሆንኩ ሳያጣሩ ቢወስዱኝ ነበር የሚያስፈራው። ደንቡም ጥብቅ ነው። ከልጅቷ ጋር ብቻ ለብቻ መሆን አይቻልም። ስልክ መለዋወጥ አይቻልም። ጥሬ ገንዘብ በእጅ አይሰጥም። ፎቶ በወላጅ ፈቃድ ነው። እዚያ ማደር ክልክል ነው። ሁሉንም አንብቤ ፈረምኩ፤ ዛሬም ብጠየቅ እፈርማለሁ።

ሁለት ምርጫ ይሰጣሉ። አንደኛው፣ ልጅቷና እናቷ ባሕር ዳር ይመጣሉ፤ ሐይቅ ዳር ምሳ ትበላላችሁ፤ በዚያው ቀን ይመለሳሉ። ሁለተኛው፣ እናንተ ወደ ቤታቸው ትሄዳላችሁ። የመጀመሪያው ይረክሳል፤ ሠራተኞቹም እሱን ይመርጣሉ። እኔ ሁለተኛውን ያዝኩ። እናንተም እሱን ያዙ። ልጅ የሚታወቀው በቤቱ ነው። የመኪና፣ የሾፌርና የነዳጅ ተብሎ የቀን ሙሉ ሂሳብ 3,200 ብር ከፈልኩ። ደረሰኝ ተቆርጦ ተሰጠኝ። «የቀን ሙሉ» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ፤ ወደ በኋላ እመለስባታለሁ።

ያደርኩት እማዬ ቤት ነው። ማታ ሻንጣዬን ስታይ «ለቤቱ ምን ይዘሻል?» አለችኝ። ለልጅቷ ደብተር፣ እስክሪብቶና ጫማ መያዜን ነገርኳት። «ለቤቱ ነው ያልኩሽ» አለች። ማለዳ ወደ ሱቅ ልካ 1 ኪሎ ቡና፣ 2 ኪሎ ስኳርና ሳሙና አስመጣች። ለድርጅቱ ሠራተኛ ደውዬ አስፈቀድኩ። እሱም ጠይቆ «ይቻላል» አለኝ። የድርጅቱ የመመሪያ ወረቀት ለልጁ ምን መያዝ እንደሚፈቀድ አንድ ገጽ ሙሉ ይዘረዝራል። እንግዳ ሆኖ ሰው ቤት ስለመግባት ግን አንድ መስመር የለበትም።

ጥር 20፣ ቅዳሜ፣ ጠዋት 1:30 ላይ ተነሣን። አባይን በድሮው ድልድይ ተሻገርን። አዲሱ ያኔ ገና እየተሠራ ነበር። ዘንዘልማን፣ ሐሙሲትን አለፍን። የጉማራን ወንዝ ከተሻገሩ በኋላ አገሩ ሜዳ ይሆናል። እንደ ትሪ ዝርግ ነው። ሩዙ ታጭዷል፤ ገለባው በየደጁ ተከምሯል። መሬቱ ግን ባዶ አይደለም። ሽንኩርት አለ፣ ሽምብራ አለ፣ ጓያ አለ። የውሃ ፓምፕ ከየአቅጣጫው ይጮኻል።

ሩዝ ፎገራ የገባው በደርግ ዘመን ነው። የእነዚህ ልጆች ቅድመ አያቶች ሩዝ ሳያውቁ ኖረው አልፈዋል። ዛሬ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከሉ ራሱ እዚሁ ወረታ ነው ያለው። ውሃ ተኝቶበት ለሌላ እህል አልመች ያለ መሬት ለሩዝ ተመቸ። ችግሩም ያው ውሃው ነው። ክረምት ላይ ጉማራና ርብ ሲሞሉ ሐይቁም ከፍ ይላል፣ ሜዳው ውሃ ይውጠዋል። ሾፌሩ «በሐምሌ ቢመጡ ኖሮ አስፋልቱ ዳር ቆመው ነበር የሚመለሱት» አለኝ። መሄድ የምታስቡ ከኅዳር እስከ ግንቦት ባለው ሂዱ።

ከአስፋልቱ ወጥተን 40 ደቂቃ አቧራ ለአቧራ ነዳን። 3:30 ላይ ፕሮጀክቱ ቢሮ ደረስን። እዚያ የልጅቷን ፋይል አውጥተው አሳዩኝ። ቀጥሎ ትምህርት ቤቱን ተዘዋውረን አየን። ቅዳሜ ስለሆነ ተዘግቷል። ጥበቃው ከፈቱልንና ባዶ ክፍል አየሁ። ለሴት ተማሪዎች የተሠራውን መፀዳጃ ቤት አየሁ። እሱ ደኅና ነው፤ በሩ ከውስጥ ይቆለፋል፣ ውሃም አለው። ይህን ያነሣሁት ቀላል ነገር ስላልሆነ ነው። ሴት ልጅ ትምህርት የምታቋርጠው አንዳንዴ በር በሌለው መፀዳጃ ቤት ምክንያት ነው። ሆኖም ቢሮውና ትምህርት ቤቱ ብቻ 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ በሉ።

ቤቷ ስንደርስ 5:15 ሆኗል።

እናትየው ደጅ ወጥታ ቆማለች። ነጠላዋን አደግድጋለች። «እሰይ! እሰይ! መጡልን» አለች። ጉንጬን ሳመችኝ፤ ስንት ጊዜ እንደሆነ አልቆጠርኩም። ልጅቷ ከኋላዋ ናት። ቁንጮው ቀርቶ ሹሩባ ተሠርታለች። ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ እጄን ጨበጠችኝ። ቤቱ የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ክዳን ነው። ወለሉ ላይ ቄጤማ ተጎዝጉዟል። ከሐይቅ ዳር ጠዋት የታጨደ ነው፤ ሽታው ቤቱን ሞልቶታል። መደቡ ላይ ጋቢ ተነጥፎልኛል። በአንድ ጥግ ጎታ፣ በሌላው ጠላ የተጣለበት ጋን። በማግስቱ አስተርእዮ ማርያም ነበረች።

አብሮኝ የመጣው ሠራተኛ ወጣት ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ በሞተር ብዙ ቤት የሚያዳርስ፣ የደከመው ልጅ ነው። ግን እንደገባን ወደ እኔ ዞሮ «እርስዎ እዚህ ይቀመጡ» አለ። ወዲያው ወደ እናትየው ዞሮ «አንቺ ቡናውን ቶሎ አቅርቢ፤ ሰዓት የለንም» አላት። በገዛ ቤቷ፣ ባሏና ልጆቿ ቆመው። ሴትየዋ ከእሱ በዕድሜ ትበልጣለች። ከእኔ ጋር እኩያ ብንሆን ነው።

በዚያች ቅጽበት ምን እንደተሰማኝ አሁንም በደንብ መግለጽ አልችልም። ብቻ አላስቀመጠኝም። ወደ እሷ ዞሬ «እርስዎም አረፍ ይበሉ እንጂ» አልኳት። ቤቱ ጸጥ አለ። «ኧረ ለኔ አንቱ አይገባም» አለች፣ በነጠላዋ አፏን ሸፍና። «እንግዳዎ ነኝ» አልኳት። ከዚያ በኋላ ሠራተኛውም «እርስዎ» አላት። ማንም አልተቆጣውም፤ ራሱ ነው የቀየረው።

ቀጥሎ «በይ አመስግኚ» ተባለች ልጅቷ። ከኪሷ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። ግጥም ነው። ድምጿ እየተንቀጠቀጠ አነበበች። ስለ ብርሃን፣ ስለ ተስፋ የሚል ነገር አለበት። ሲያልቅ ሁላችንም አጨበጨብን። ላቧ በግንባሯ ይወርዳል። 11 ዓመቷ ነው። ልጄ ቢሆን ይህን እንዲያደርጉባት አልፈቅድም ነበር። ድርጅቶች ይህን ቢተዉት ደስ ይለኛል። ደጋፊውም አይፈልገው፣ ልጅቷም አትፈልገው።

የዳነችው በእናቷ ነው። «ነይ ወንጭፍሽን አሳያቸው» አለቻት። ልጅቷ ቀና አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን በደንብ አየሁት። ወደ ጓሮ ወጣን። ከግድግዳው ስንጥቅ ወንጭፏን አወጣች። ጓል አነሣችና አዞረችው። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ ጧ! ሲል ለቀቀችው። ጓሉ ከሽንኩርቱ መደብ ማዶ ያለ ጉቶ ላይ ተበተነ። «ድገሚው» አልኳት። ደገመችው። ያንኑ ጉቶ መታችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መስከረምና ጥቅምት ሩዙ ሲያፈራ ወፍ ይወርድበታል። ወፍ የሚጠብቁት ልጆች ናቸው። እሷም ከንጋት ጀምራ ማማ ላይ ናት። «ትምህርትስ?» አልኳት። «ያን ሰሞን እቀራለሁ» አለችኝ፣ ሠራተኛውን ሰርቃ እያየች። 4 ዓመት ሙሉ የደረሰኝ ሪፖርት «ትምህርቷን በአግባቡ ትከታተላለች» ይላል። የምትወደው ጨዋታ ደግሞ «ኳስ» ይላል። ቤቷ ውስጥ ኳስ የለም። ኖሮም አያውቅም። እንደዚያ ወንጭፍ የምታዞር ልጅ እንዳለችኝ ማንም ሳይነግረኝ 4 ዓመት አለፈ። ይህ አሳዝኖኛል። እውነቱን ቢጽፉልኝ ድጋፌን የማቋርጥ ይመስላቸዋል መሰለኝ። እኔ ግን ስለ ወፏ ማወቅ እፈልግ ነበር።

ጫማውን ሰጠኋት። ቢሮው ቁጥሯ 34 ነው ብሎኝ ነበር፤ ያ ያለፈው ዓመት ነው። እግሯ 36 ሆኗል። ተረከዟ አልገባም አለ። ለማስገባት ስትታገል ዓይኗ እንባ ቋጠረ። ታናሽ እህቷ ከጎን ቆማ ነበር። እግሯን ዘረጋች። ልክ ሆነላት፤ ትንሽ ሰፋ ቢላትም። ለትልቋ በሳምንቱ 36 ቁጥር ገዝቼ በቢሮው በኩል ላኩላት። ደርሷታል፤ ፎቶ ልከውልኛል። ጫማ ለምትይዙ፣ ቁጥሩን በዚያው ሳምንት አስለክታችሁ ግዙ።

ምሳ ቀረበ። ዶሮ ነው። ቤቱ ደጃፍ ላይ ሦስት ጫጩቶች ያለ እናት ሲዞሩ አይቼ ነበር፤ ያኔ ነው የገባኝ። ሠራተኛው ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ «እንዳያርዱ ነግረናቸው ነበር» አለኝ። እንጀራው ግማሹ ጤፍ ግማሹ ሩዝ ነው፤ ነጭ፣ ለስላሳ። እናትየው ፈረሰኛውን አውጥታ እኔ ፊት አደረገችው። አባትየውን አየሁ። ቅዳሜ ስለሆነ ሞፈር አላነሣም፤ ንጹሕ ጋቢውን ለብሶ ተቀምጧል። «ይብሉ እንጂ፤ በሞቴ!» አለ። በላሁ። ጣፈጠኝ። ጎረሱልኝ፣ አጎረሱኝ።

አንዳንድ ደጋፊዎች «ድሃ ቤተሰብ ዶሮውን ሲያርድልኝ ሕሊናዬ አልቻለም» ብለው ሳይበሉ ይነሣሉ ብሎ ሠራተኛው በኋላ ነግሮኛል። እባካችሁ እንዲህ አታድርጉ። ያቺ ሴት 4 ዓመት ስትቀበል ኖራለች። በዚያ ቀን ሰጪዋ እሷ ናት። ገበታዋን መግፋት ይህን መንጠቅ ነው። ዶሮዋ ካሳሰባችሁ ቡናና ስኳር ይዛችሁ ግቡ። እማዬ ይህን ሳታነብ ታውቀዋለች።

ሁሉ ነገር ግን ደስ የሚል አልነበረም። ስንበላ አጥሩ ላይ ልጆች ተደርድረው ነበር። አንዲት ጎረቤት ሕፃን አዝላ መጣች። ሰላምታ ተሰጣጣን። ከዚያ ቀስ ብላ «የኔንስ ልጅ የሚይዝልኝ ይገኝ ይሆን?» አለችኝ። ሠራተኛው ፈጠን ብሎ «ምዝገባ ሲኖር እንነግርሻለን» አላት። እኔ ምንም አልመለስኩላትም። ምን እመልስላታለሁ? ከጉብኝቱ በፊት እንዲህ ያለ ጥያቄ እንደሚመጣ የነገረኝ የለም። ያች ሴት እስከ ዛሬ ትመጣብኛለች። ድርጅቱ ለደጋፊ የሚሰጠው ማብራሪያ ውስጥ ይህ መግባት አለበት።

አባትየውም ጥያቄ ነበረው። ሽንኩርቱን ሊያሳየኝ ወደ ጓሮ ይዞኝ ሄደ። ፓምፑ የኪራይ ነው። «ሽንኩርት ሲበዛ ዋጋው ይወድቃል፤ ያን ጊዜ ኪራዩንም አይመልስ» አለኝ። ከዚያ ዝም አለና «ልጅቱን እስከ የት ነው የምትይዙልን?» አለ። እኔ 18 ዓመት እስኪሞላት ይመስለኝ ነበር። ሠራተኛው «ፕሮጀክቱ ከወረዳው እስኪወጣ ነው» አለ። ፕሮጀክት እንደሚወጣ ያኔ ነው የሰማሁት። አባትየውን ያሳሰበው 9ኛ ክፍል ነው። ከዚያ ጀምሮ ያለው ትምህርት ከተማ ነው። ቤት ተከራይቶ ሴት ልጅን ብቻዋን ማስቀመጥ አለ፣ ስንቅ መላክ አለ። «ዋናው ወጪ ያኔ ነው። ያኔ ከለቀቃችኋት የደከማችሁት መና ይቀራል» አለ። እናትየው ከበሩ ሆና «እኔ በሷ ዕድሜ ታጭቼ ነበር» አለች። ከዚህ በላይ አላብራራችም።

ለመደገፍ የምታስቡ ሰዎች፣ ከመፈረማችሁ በፊት ይህን አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ፕሮጀክቱ አካባቢውን ለቅቆ የሚወጣው መቼ ነው? ከወጣ በኋላስ ልጁ ምን ይሆናል? እኔ አልጠየቅኩም ነበር።

ቡናው ደረሰ። ተቆልቶ ዞሮልኝ ጭሱን ወደ ፊቴ ስቤያለሁ። ጤና አዳም ጣል ተደርጎበታል። አቦሉን ጠጣን። ልጅቷ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ደብተሯን አምጥታ ላሟን ሣለችልኝ፤ በዚህ ጊዜ ከጥጃዋ ጋር። ጥጃዋ ኅዳር ላይ የተወለደች ናት። ጆሮዋን ስትሥል ምላሷን በጥርሷ ትይዛለች። ቶናው ተቀዳ። እናትየው አሁን ነው የተዝናናችው። የጤና መድን መታወቂያቸውን አውጥታ አሳየችኝ፤ ልጅቷን ወባ የያዛት ጊዜ በእሱ እንደታከመች ነገረችኝ። «ነገ ማርያም ናት፤ ይደሩ እንጂ» አለችኝ። እንደማይቻል ነገርኳት። እሷም መልሳ «እንግዲያ ንግሡን አይተው ይሄዳሉ» አለች፣ እንዳልሰማች ሆና።

ጡሩምባ ተነፋ። 6:40 ሆኗል።

ሠራተኛው ሰዓቱን አየና «መኪናው 9 ሰዓት ባሕር ዳር ይፈለጋል» አለኝ። የቀን ሙሉ ብዬ የከፈልኩበት መኪና ነው። ለሌላ እንግዳ ተይዟል። ቢነግሩኝ ኖሮ ቢሮው ውስጥ ፋይል ሳገላብጥ ያን ያህል አልቆይም ነበር። ለወረቀትና ለተዘጋ ትምህርት ቤት 1 ሰዓት ከ45። ለሰዎቹ 1 ሰዓት ተኩል። ከዚያ ላይ ምሳ አለ፣ ስጦታ አለ፣ ግጥም አለ። ቡና የት ይግባ?

ጀበናው ለሦስተኛ ጊዜ ተጥዷል። እናትየው ስነሣ አይታ ደነገጠች። «በረካውን ሳይጠጡ?» አለች። ለሠራተኛው ለመንኩት። ሾፌሩ ድጋሚ ነፋ። በረካ ሳይጠጣ ከሰው ቤት አይወጣም፤ ይህን ያደግኩበት ቤት አስተምሮኛል። እሷ ግን መላ አላት። ወደ ጓዳ ገብታ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ አጥባ አመጣች። በረካውን በጥንቃቄ ቀዳችበት። ሙቀቱ ፕላስቲኩን አጨማደደው፤ ጎኑ ወደ ውስጥ ገባ። በጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችኝ። «ቤትዎ ገብተው ይጠጡት» አለች።

መኪና ውስጥ ለተወሰነ ጊዜ አልተናገርኩም። በኋላ ሠራተኛው ራሱ ጀመረው። «ፕሮግራሙ ከላይ ነው የሚመጣው። እኔ ብሆን ቢሮውን አስቀርቼ በቀጥታ ቤት እወስድዎት ነበር» አለኝ። እንዲህ ብሎ በሪፖርቱ እንዲጽፍ ለመንኩት። እኔም ስመለስ በአስተያየት ቅጹ ላይ ጻፍኩት። መልስ መጥቶልኛል፤ «እናየዋለን» ይላል።

ወንድሜ ይህን ሁሉ ስነግረው «እና ታዲያ ይጠቅማል?» አለኝ። እሱ ከመጀመሪያውም አያምንበትም። ያነበብኩትን ነገርኩት። ብሩስ ዋይዲክና ባልደረቦቹ የሚባሉ ኢኮኖሚስቶች እ.ኤ.አ. በ2013 ያሳተሙት ጥናት አለ። በ6 አገሮች 10,144 ሰዎችን ተከታትለው ነው፤ ኬንያና ኡጋንዳ አሉበት፣ ኢትዮጵያ የለችበትም። ያጠኑት ኮምፓሽን የሚባለውን የልጆች ድጋፍ ድርጅት ፕሮግራም ነው፤ የእኔ ሌላ ድርጅት ነው። በልጅነታቸው የተደገፉት ካልተደገፉት ይልቅ ከ1 ዓመት እስከ 1 ዓመት ተኩል የሚጠጋ ተጨማሪ ትምህርት ተምረዋል። ወንድሜ «አንድ ዓመት ብቻ?» አለ። እኔ ግን ልጁ 8ኛን ጨርሳ 9ኛ እንዴት እንደምትገባ የሚሰጋ አባት አይቼ ነው የመጣሁት። ለእሷ አንድ ዓመት ማለት ያ በር ነው።

ነጥብ ስጪ ካላችሁኝ፣ ለጥንቃቄውና ለልጆች ደኅንነት ሙሉ እሰጣለሁ። ለደረሰኙም ሙሉ። ለፕሮግራሙ አወጣጥ ከ5 2 ነው። ለሪፖርታቸውም ከዚያ አይበልጥ። ድጋፌን አላቋረጥኩም፣ አላቋርጥምም። እንዲያውም አሁን በደብዳቤዬ ስለ ወፍ ጥበቃው እጠይቃታለሁ። የመጨረሻው መልሷ «በዚህ ዓመት ጎረምሳ ወንድሜ ነው የሚጠብቀው» ይላል። ከአራት መስመር በላይ የጻፈችው ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። የምትሄዱ ከሆነ ቢሮውን በ20 ደቂቃ ጨርሱ ብላችሁ አስቀድማችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። መኪናው እስከ ስንት ሰዓት የእናንተ እንደሆነም አረጋግጡ።

9 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው እማዬ ቤት ደረስኩ። ከጥያቄዎቿ ሁሉ በፊት የጠቀለልኩትን አየች። ፈታሁት። የተጨማደደውን ሃይላንድ እያገላበጠች አየችው፤ ከፈተችና አሸተተችው። «ጤና አዳም አለበት» አለች። እንዴት እንደሆነ ነገርኳት። ምንም አላለችም። ተነሥታ ጀበናዋን አወረደች፣ ቡናውን ገለበጠችበትና እሳት ላይ ጣደችው። ከዚያ ሁለት ሲኒ አወጣች።